የበሽተኛው ክንድም ይመስክር

ሰው ሲከሳ ከሐኪም ቀድሞ ጎረቤት ያየዋል፤ «ምነው ሰውነትህ እንዲህ አለቀ?» ሲልም ይጠይቀዋል። በከባድ የጉበት በሽታ ሕክምና ግን ይህ የጎረቤት ዓይን ስፍራውን ለደም ምርመራ ቁጥር ለቋል። ስፍራው ሊመለስለት ይገባል እላለሁ።

በ1964 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ቻይልድና ተርኮት የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች የጉበት በሽተኛን ደረጃ መለያ ሲያወጡ፣ ከአምስቱ ነጥቦች አንዱ የሰውነቱ አያያዝ ነበር። በ1973 ፑግና ባልደረቦቹ ይህን አውጥተው በምትኩ የደም መርጊያ ጊዜን አስገቡ። በ2002 ደግሞ አሜሪካ ጉበት የሚተከልላቸውን ሰዎች ተራ ሜልድ በተባለ የደም ሂሳብ መደልደል ጀመረች።

ዓይን ያዳላል፣ ቁጥር አያዳላም የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው። ነገር ግን ቁጥሩም ይሳሳታል። ሜልድ ከሚቆጥራቸው አንዱ ክሬአቲኒን ነው፤ እርሱም የሚመነጨው ከጡንቻ ነው። ስለዚህ ጡንቻው ያለቀ ሰው ክሬአቲኒኑ ያንስና ኩላሊቱ ከእውነቱ ይልቅ ደኅና መስሎ ይታያል። በ2023 ሂሳቡ ሲሻሻል ለሴቶች ማካካሻ ነጥብ ተጨመረ፤ ጡንቻ ራሱ ግን አልገባም። ሚዛንም ቢሆን አያድንም፤ ሆድና እግር ውሃ ሲቋጥሩ የከሳው ሰው የወፈረ ይመስላል።

ጡንቻ ሸክም ማንሻ ብቻ አይደለም። ጉበት ሲደክም አሞኒያ የተባለውን መርዝ ከደም ማጥራት ይሳነዋል፤ ያን ጊዜ ጡንቻ ከፊሉን ተቀብሎ ያግዘዋል። ረዳቱ ሲጠፋ መርዙ አንጎልን ያደናግራል። በዚህም ላይ የታመመ ጉበት ስንቅ ማኖር ስለማይችል፣ የአንድ ሌሊት ጦም ለጤነኛ ሰው የሁለትና የሦስት ቀን ረኃብ ያህል ይሆንበታል፤ ሰውነቱም የገዛ ጡንቻውን ይበላል። ጡንቻቸው የሳሳ በሽተኞች ቶሎ እንደሚሞቱ በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ጉበት የሚጎዳው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በብዙ ሰው ደም ውስጥ አለ። የጡንቻን ስፋት በሲቲ ስካን መለካት ውድ ነው። ነገር ግን የእጅን ጭብጥ ኃይል መለካት፣ ከወንበር አምስት ጊዜ አስነሥቶ ሰዓት መያዝ፣ ሚዛን ጠብቆ መቆሙን ማየት ምን ያህል ያስወጣል? ድካምን በእነዚህ ሦስት ነገሮች መመዘን በ2017 በጥናት ተደግፎ ወጥቷል።

መለካት ብቻውን ግን አያጠግብም። ቀድሞ ሐኪሞች ራሳቸው ሥጋና እንቁላል ለጉበት በሽተኛ ይከለክሉ ነበር፤ በ2019 የወጣው የአውሮፓ መመሪያ ግን ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን፣ ከመኝታ በፊትም መክሰስ ያዛል።

ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት ሆይ! ነገ የሕክምና ካርድ የምታዘጋጁት፣ በጀት የምትመድቡት እናንተ ናችሁ። ከደሙ ውጤት አጠገብ ለክንዱ አንድ መስመር ተዉለት፤ የመሰከረውንም ሰምታችሁ አብሉት።