ስለ ቤተ ሰብ ችግርና ስለ ቴሌቪዥን ማስታወቂያ

ሰውን በዚህ ዓለም የሚያደክመው ታላቅ መከራ ብቻ አይደለም። ጦርነት፣ ረሃብና ቸነፈር በመጣ ጊዜ መንግሥትም ሕዝብም በአንድነት ተነሥቶ ይከላከለዋል፤ ታሪክ ጸሐፊም ዘመኑን ቈጥሮ ይጽፈዋል። ነገር ግን ጧት ከደጅ ቆሞ የሚጠብቅ፣ ማታም ከማዕድ ጋራ የሚቀርብ፣ ስሙ ግን በታሪክ የማይጻፍ ሌላ ችግር አለ። ይኸውም የዘይት፣ የማገዶ፣ የቤት ኪራይና የልጅ ደብተር ነገር ነው። የውሃ ጠብታ ድንጋይን ቀስ በቀስ እንደሚቦረቡር፣ ይህም ችግር ሳይታወቅ የባልና የሚስትን ፍቅር፣ የአባትና የልጅን መከባበር ይበላል። ዛሬ ልንናገር ያሰብነው ስለዚሁ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር የሹም ጉዳይ ሳይሆን የማድቤት ጉዳይ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ወደ እንጦጦ ቀና ብሎ ይመልከት። ዳግማዊ ምኒልክ አስቀድመው ከተማቸውን የሠሩት በዚህ ተራራ ላይ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥትነትንም ዘውድ በ1882 ዓ.ም. የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ሆኖም ተራራው ብርዱና ነፋሱ የበረታ፣ ማገዶውም እያለቀ የሄደ ስለ ሆነ፣ ከተማው ወደ ፍል ውሃ ሜዳ ወረደ፤ እቴጌ ጣይቱም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ከወረደም በኋላ የእንጨት እጦት እንደ ገና ስላስጨነቀ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባ በስፍራዋ ልትጸና የቻለችው ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ተተክሎ ስለ በቀለ ነው። እንግዲህ አንዲት ሴት በምድጃዋ ሥር የምታነደው ጭራሮ ነገሥታትን ያሳሰበ፣ ከተማንም ከስፍራው ያነቃነቀ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። የማድቤት ችግር የመንግሥት ችግር ነው።

ከተማው ከወረደ በኋላም ተራራው ማገዶ መስጠቱን አላቋረጠም። ገና ጎሕ ሳይቀድ ወደ ጫካው ወጥተው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ሸክም በጀርባቸው ተሸክመው፣ ወገባቸውን አጉብጠው ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ ጉለሌ የሚወርዱትን እናቶች ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ ራጉኤል ለመሳለም የወጣ ካህንም ምእመንም በመንገዱ ዳር ቆሞ አሳልፏቸዋል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በማኅበር ተሰብስበው፣ ሽመና ተምረው፣ ሸክሙን ትተው በእጃቸው ሥራ ለመኖር በቅተዋል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ተራራው መናፈሻ ከሆነ ወዲህም ሌላ ሥራ ያገኙ አሉ። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የማገዶ ሸክም ከከተማችን ዙሪያ ጨርሶ ጠፍቷል ለማለት ገና አልደረስንም።

ማገዶውን ትታ በደመወዝ የምትኖረውም ብትሆን ኑሮ አልቀለለላትም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ያህል የነበረው አንዱ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ዘይትን፣ መድኀኒትንና ልብስን ከውጭ ለሚያስመጣ አገር ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንባቢዎቻችን መዘርዘር አያስፈልግም። መንግሥትም ይህንኑ ተመልክቶ፣ 1,100 ብር የነበረውን የሠራተኛውን ዝቅተኛ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ወደ 4,760 ብር፣ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያም ወደ 6,000 ብር ከፍ አድርጎታል። ይሁን እንጂ በየመንገዱ ዳር ቆሎ የምትሸጥ፣ በየሰው ቤት ልብስ የምታጥብ፣ በቀን ሥራ የምትውል እናት ስሟ በደመወዝ መዝገብ አልተጻፈም። ጭማሪው ለእርስዋ አይደርስም፤ የገበያው ዋጋ ግን ሳይለይ ይደርስባታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ በዘመናችን አንድ አዲስ ሸክም ተጨምሯል። ይኸኛው በጀርባ ሳይሆን በዓይን የሚሸከሙት ነው። ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ መሣሪያው በጥቂት ባለጸጎች ቤት ብቻ ይገኝ ነበር። ዛሬ ግን ከእንጦጦ ሥር ባሉት መንደሮች በየቆርቆሮው ጣራ ላይ የሳተላይት ሳሕን ተተክሏል፤ ጣቢያዎቹም በዝተዋል። በዚህም ሕዝባችን ትምህርትና ወሬ፣ ጸሎትና ጨዋታ ከቤቱ ሳይወጣ ስለሚያገኝ፣ ነገሩ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ማስታወቂያም ቢሆን በራሱ ክፉ አይደለም። ነጋዴ ያለውን ዕቃ ካልተናገረ ገዥ ከወዴት ያውቃል? ጣቢያዎችም ጋዜጦችም ከሚኖሩበት ገቢ አንዱ እርሱ መሆኑን አንሸሽግም።

የምንናገረው እንግዲህ ስለ ማስታወቂያው መኖር ሳይሆን ስለሚያስተምረው ትምህርት ነው። በገበያ መካከል የሚጮኽ ነጋዴ ዕቃዬ መልካም ነው ይላል፤ ገዥውም ጤፉን በእጁ ዘግኖ፣ ቅቤውን አሽትቶ፣ በርበሬውን ቀምሶ እውነቱን ይለያል። የዛሬው ማስታወቂያ ግን ስለ ዕቃው ጥቂት፣ ስለ ገዥው ልብ ብዙ ይናገራል። ለልጆቿ የምታስብ እናት ይህን ዘይት ትገዛለች፤ ቤተ ሰቡን የሚወድ አባት በዓሉን በዚህ ያደምቃል፤ ብልህ ሰው ከዚህ ፎቅ ላይ ቤት ይዟል ይላል። በዚህ አነጋገር ፍቅር በዋጋ ይለካል፤ ያልገዛ ሁሉ ያልወደደ ይመስላል።

በሽሮ ሜዳ አጠገብ በአንዲት ክፍል ተከራይቶ ከነልጆቹ የሚኖር አንድ ሰው አለ እንበል። የፋሲካ ሰሞን ነው። ዶሮውና ሽንኩርቱ እንዴት እንደሚገዛ ከሚስቱ ጋራ በሹክሹክታ ይማከራሉ። ከፊታቸው በተቀመጠው መስኮት ውስጥ ግን ሰፊ ቤት፣ አዲስ ልብስ፣ የሞላ ማዕድና የሚስቅ አባት ይታያል። ሕፃኑም ወደ ሥዕሉ አይቶ ወደ አባቱ ይመለሳል፤ እኛስ ለምን የለንም? ሲል ይጠይቃል። አባት ምን ይመልሳል? ቢቈጣ ልጁን ይበድላል፤ ዝም ቢል ራሱን ይንቃል፤ ተበድሮ ቢገዛ ደግሞ የበዓሉ ደስታ ባለቀ በሳምንቱ ባለ ዕዳው ከደጁ ይቆማል። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንደሚባለው፣ ልጁ ባየው ፈርዷል። የተፈረደበትም ቀኑን ሙሉ ሲለፋ የዋለ አባት ነው። ድህነት ብቻውን ሰውን ያስርባል እንጂ አያዋርድም፤ ድሀውን የሚያዋርደው የእጁ ማጠር የፍቅሩ ማጠር ተደርጎ ሲቈጠርበት ነው። የነገራችን ፍሬ ይህ ነው።

ይህን ለማቃናት ሕግ አይረዳም እንዳይባል ከራሳችን አገር ምስክር እናቀርባለን። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። በዚያን ዘመን ግን የቢራ ማስታወቂያ ከልጆች ጋራ በአንድነት ይታይ ስለ ነበር፣ በዓል ሁሉ ያለ ቢራ በዓል እስከማይመስል ድረስ ደርሶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኀኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር ከለከለ። በዚያን ጊዜ ጣቢያዎች ይዘጋሉ፣ ስፖርትም ይሞታል የሚሉ ነበሩ። ሆኖም ጣቢያዎች አሁንም አሉ፤ ኳስም ይጫወታሉ። ከውጭ አገርም ብንጠይቅ፣ የስዊድን መንግሥት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የታሰበ ማስታወቂያ በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ከልክሏል። በካናዳም የኬቤክ ክፍለ ሀገር ከዚያ አስቀድሞ በ1980 ከ13 ዓመት በታች ላሉት ይህንኑ አድርጓል። እነዚህ አገሮች ነጋዴን የሚጠሉ አይደሉም። ልጅ እውነትን ከሽንገላ ለመለየት ገና ስላልደረሰ ለገበያ አይሰጥ ብለው ነው።

ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ሥልጣን ያላችሁ ሹማምንት ሦስት ነገር እንድታስቡ እናሳስባለን። መጀመሪያ፣ ለልጆች የታሰበውን ማስታወቂያ የሚመለከት የጠራ ደንብ ተደንግጎ፣ በተለይ በበዓላት ሰሞን በጥንቃቄ ይጠበቅ። ሁለተኛ፣ ሽልማትና ዕጣ፣ በዱቤ የሚሸጥ ቤትና ዕቃ ሲታወጅ፣ ሙሉ ዋጋውና ግዴታው እንደ ሽልማቱ ሁሉ በታላቅ ድምፅና በሚነበብ ፊደል ይነገር፤ ተስፋው እየጮኸ ግዴታው በሹክሹክታ ሊያልፍ አይገባውም። ሦስተኛ፣ የሸክሙ ሥር እንዲነቀል ይታሰብ። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ ኃይል ለማመንጨት የተሠራ ነው። ይህ ለአገር ታላቅ ክብር ነው። ክብሩ ግን የሚፈጸመው ድሀይቱ እናት የኤሌክትሪክ ምጣድ ለመግዛትና ሒሳቡን ለመክፈል ስትችል ነው። ሽቦው ከደጇ ደርሶ እርስዋ ግን ገና ጭራሮ የምትለቅም ከሆነ፣ ሥራው እኩሌታው ብቻ ተሠርቷል።

የቤተ ክርስቲያን አባቶችና መምህራን ሆይ፤ እናንተም ከዚህ ሥራ ድርሻ አላችሁ። እውነቱን ለመናገር በዓልን የፉክክር ቀን ያደረገው ቴሌቪዥን ብቻ አይደለም። ቴሌቪዥን ሳይመጣም ለሠርግና ለተዝካር ተበድሮ፣ በሬውን ሸጦ፣ ከድግሱ በኋላ የተራበ ገበሬ ብዙ ነበር። ማስታወቂያ ያገኘውን እሳት አራገበ እንጂ እሳቱን የለኰሰው ይሉኝታችን ነው። ስለዚህ በዐውደ ምሕረት ላይ ቆማችሁ ስታስተምሩ፣ በዓል የሚከብረው በታረደው በግ ብዛት ሳይሆን በጸሎት፣ በእርቅና ለተራበው በማካፈል መሆኑን ደግማችሁ ንገሩ። ድኻዪቱ ሴት በቤተ መቅደስ የጣለችው ሁለት ሳንቲም ከባለጸጎች ስጦታ ሁሉ በልጦ እንደ ተቈጠረ ምእመናን ያውቃሉ። ይህንኑ በንስሐ ልጆቻችሁ ማዕድ ላይም እንዲያስታውሱት ብታደርጉ፣ አያሌ ቤት ከዕዳ ይድናል። ያለ ድግስ የተደረገ ተዝካር ለነፍስ እንደሚበቃ ከካህን አፍ ያልሰማ ሰው ከጎረቤት አፍ አይቀበለውም።

ቤተ ሰብም ለራሱ ሊያደርገው የሚችለው አለ። አባትና እናት የቤታቸውን አቅም ከልጆቻቸው አይሸሽጉ። ይህን ያህል እናገኛለን፣ ይህን ያህል ለኪራይ፣ ይህን ያህል ለእህል እንከፍላለን፣ ይህ ደግሞ ለዚህ ወር አልደረሰልንም ብሎ ለልጅ መንገር ውርደት አይደለም። ልጅ የተነገረውን እውነት ይሸከማል፤ የሚከብደው ያልተነገረው ነው። ወላጅ ዝም ሲል ማስታወቂያው ይናገራል፤ ልጁም የሚያምነው የተናገረውን ነው። ደግሞም አባቶቻችን ዕቁብና ዕድርን የሠሩልን ሰው ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን በኅብረት እንዲሸከም ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መባሉ ስለዚህ ነው። የበዓል ወጪ በሰፈር ተመክሮ፣ አንድ በሬ በቅርጫ ተከፋፍሎ ሲበላ፣ ማንም በማንም ፊት አያፍርም።

ማገዶ ተሸክማ ከእንጦጦ የምትወርደውን እናት ያየ ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅላታል፤ ሸክሟ ይታያልና። በየቤቱ ማታ ማታ በዝምታ የሚሸከሙት ኀፍረት ግን ስለማይታይ መንገድ የሚለቅለት አላገኘም። ሹም በሕጉ፣ ካህን በትምህርቱ፣ ነጋዴ በቃሉ፣ ወላጅ በእውነቱ ጥቂት ጥቂት ቢያግዝ፣ ይህ ሸክም ይቀላል። ልጅም ወደ አባቱ ሲመለከት የሚያየው ያልገዛለትን ነገር ሳይሆን የለፋለትን እጅ ይሆናል።