አልወርድ ያለው ክንፍ

በኮምፒውተር የበረራ ጨዋታ የሚመሰጥ ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ አንድ ቀን ዩ-2ን እንዲያሳርፍ ጠይቁት። እ.ኤ.አ. በ1955 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ይህ የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን ከ70,000 ጫማ በላይ ይወጣል። እዚያ አየሩ እጅግ ስስ ነውና ክንፉን ረጅም አድርገው ሠሩት፤ የኋለኛው ዓይነት ዩ-2ኤስ ከጫፍ እስከ ጫፍ 31 ሜትር ገደማ ነው።

ጣጣው ሲመለስ ነው። ላይ የተሸከመው ክንፍ ታች ሲደርስ አልወርድም ይላል። የሞተሩን ጉልበት ቢቀንሱበትም ማኮብኮቢያው ላይ ይንሳፈፋል። እኔ ስሞክር አስፋልቱ አልቆ ሣር ውስጥ ገባሁ፤ ተማሪዎቼ እስካሁን ይስቁብኛል። ከመሬት ሁለት ጫማ ያህል ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ፍጥነቱ ሞቶ ክንፉ መሸከም እስኪያቅተው መታገሥ ያስፈልጋል። የቸኮለ ይነጥራል፤ ከፍ ብሎ የጠበቀ ይከሰከሳል። ዋና ጎማዎቹም እንደ ብስክሌት ፊትና ኋላ ስለሆኑ፣ ካረፈ በኋላም ክንፉን ማመጣጠን የአብራሪው ዕዳ ነው። ሲቆም ወደ አንድ ጎን ይጋደማል።

እውነተኛው አብራሪ የጠፈርተኛ የመሰለ ልብስ ለብሶ ታች ማየት ይቸግረዋል። ስለዚህ ሌላ የዩ-2 አብራሪ በፈጣን መኪና ከኋላው እየከነፈ የቀረውን ከፍታ በሬዲዮ ይቆጥርለታል። እኔ በሞከርኩት ጨዋታ መኪና አልነበረም። በአራተኛው ሙከራ ግን ከሳቁብኝ ልጆች አንዱ አጠገቤ ተቀምጦ ከስክሪኑ ላይ ያነብልኝ ጀመር፦ «አምስት... ሦስት... ሁለት... ያዙት፣ ጋሼ!»

አንዴ ነጠርኩ፤ አስፋልቱ ላይ ግን ቆምኩ።