የማኅፀን በር ምርመራና የፋብሪካ ሠራተኛዋ

በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በስፌት መኪና ላይ የምትውሉ እህቶች፤ ካንሰር ሲባል ቶሎ የሚታወሳችሁ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። እውነት ነው፤ የጨረር ሕክምና በአገራችን ለብዙ ዓመታት የተሰጠው በዚያ ብቻ ነበር። በኋላም በጅማና በሐረር ተጀምሯል። ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ ደግሞ ከየክፍለ ሀገሩ ለሚመጡ ችግረኛ ሕሙማን ማረፊያ ይሰጣል።

የማኅፀን በር ካንሰርን ግን መቅደም የሚቻለው በሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ነው። በብዙዎቹ ነርሷ የማኅፀኑን በር በኮምጣጤ አሲድ ትቀባለች፤ ከካንሰር በፊት የሚመጣ ለውጥ ካለ ነጥቶ ይታያል። አብዛኛው እዚያው ይታከማል፤ ከአቅሟ በላይ የሆነው ወደ ሆስፒታል ይላካል። ጥቂት ደቂቃ ነው፤ አያሳፍርም። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆነ ሁሉ ሕመም ባይሰማቸውም ይመርመሩ፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ደግሞ ቀደም ብለው። ለልጃገረዶች ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ክትባት አለ።

የፋብሪካ ኃላፊዎችስ? ግማሽ ቀን ፈቃድ ከተከለከለች የጤና ጣቢያው መከፈት ለሠራተኛዋ ምን ይረባታል? የሠራተኛ ማኅበራት ይህን ከደመወዝ ጥያቄ እኩል ሊያነሡት ይገባል።

ከወር አበባ ውጭ ወይም ከግንኙነት በኋላ ደም የታያት ግን ዕድሜዋን ሳትቆጥር፣ ፈረቃ ሳትጠብቅ ትሂድ።