ጎማ ቢገዝፍ ሞተር አይበረታም

በየቤታችን ከሚነሡት ክርክሮች አንዳንዶቹ ከባድ መስለው ይታያሉ፤ ሲመረመሩ ግን በጥቂት ቍጥር የሚፈቱ ሆነው ይገኛሉ። ባለፈው ክረምት መግቢያ የገጠመኝ ክርክር ከዚህ ወገን ነበረና ለሌላውም ቤተ ሰብ ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ አቀርበዋለሁ።

የእኅቴ ባል በሱሉልታ ይኖራል። ከላሞቹና ከጎረቤቶቹ የሚሰበስበውን ወተት ገና ሳይነጋ በአሮጌ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ቶዮታ ሂሉክስ ፒካፕ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ያወርዳል። የቤቱ ቀለብም ሆነ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣው ከዚችው መኪና ነው። ጎማዎችዋ አልቀው ስለ ነበረ አዲስ የሚገዛበት ገንዘብ አጠራቅሞ ሳለ፣ በአባትና በልጅ መካከል አሳብ ተለያየ፤ ሁለቱም ተያይዘው ወደ ቤቴ መጡ።

ልጁ፣ «ጋሼ፣ ሰፋፊ ጎማ ከሚያብረቀርቅ ቸርኬ ጋር ብንገጥምላት ጭቃውን ሁሉ ትሻገረዋለች፤ ደግሞም ታምራለች» አለኝ። አባቱ ደግሞ፣ «ገንዘቡ ለአራት ትልልቅ ጎማ አይበቃም፤ ለኋላው ብቻ ሁለት እንግዛ። ጭነቱን የሚሸከመው የኋላው አይደለምን? አንተ መምህር ነህና ፍረደን» አለ።

እኔም ፍርዱን ለቍጥር ተውሁት። ልጁን ወደ መኪናይቱ ወስጄ በጎማው ጎን የተጻፈውን እንዲያነብ አደረግሁ፤ 205R16 ይላል። 205 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 16 የቸርኬው ቁመት በኢንች ነው። ልጁ የተመኘው ጎማ ግን 265/70R16 ነበር፤ በመካከል ያለው 70 የጎማው ጎን ከስፋቱ ከመቶ 70 እጅ ከፍታ እንዳለው ያመለክታል። እንደ መጀመሪያው ያለ፣ ይህ ቍጥር ያልተጻፈበት ጎማ ጎኑ ከመቶ 80 እጅ ያህል ሆኖ ይቈጠራል። እንግዲህ ሁለቱን ጎኖችና ቸርኬውን ብንደምር የፊተኛው ጎማ ጠቅላላ ቁመት 734 ሚሊ ሜትር ያህል፣ የሁለተኛው 777 ያህል ይሆናል። ልዩነቱ 43 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህም ውስጥ ከመሬት ከፍ የሚያደርጋት ከአክሱ በታች ያለው እኩሌታ ብቻ ስለ ሆነ፣ መኪናይቱ የምትነሣው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የሱሉልታ ሜዳ ጥቁር አፈር በነሐሴ ውኃ ሲጠጣ ለሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሸነፍ አይደለም።

ስለዚች ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚከፈለው ዋጋ ግን ብዙ ነው። ጎማው በአንድ ዙር ከመቶ 6 እጅ ያህል ጨምሮ ስለሚሄድ፣ የፍጥነት መቍጠሪያው 80 ሲል መኪናይቱ ወደ 85 ትሮጣለች። ማርሾቹ ሁሉ የቀለሉ ያህል ሆነው ሞተሩ በዳገት ይደክማል። ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ዳር በሩብ ግድም የሚያንስ ስለ ሆነ፣ ቱርቦ የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሞተር በእኛ አገር ደጋ አስቀድሞ ኃይሉ ተቀንሶበታል፤ ሌላ ሸክም መጨመር አይገባም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ቍልቍለቱ ነው። ወተት የጫነች መኪና ከእንጦጦ ጋራ ወደ አዲሱ ገበያ ስትወርድ በማርሽ መያዝዋ ይላላል፤ ፍሬንዋም መጠኑ ሳይጨምር የሚበልጥና የሚከብድ እግር እንዲያቆም ይገደዳል። መሪውም እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝ ሰፊው ጎማ ፓራፋንጎውን ሊፍቅ ይችላል።

ስለ ቸርኬውም፣ የቡሎኑ ቀዳዳ ስድስት ስለ ሆነ ብቻ ይገጥማል ማለት ስሕተት ነው። የባለ ሁለት ዲፈረንሻሉ ሂሉክስና የሚትሱቢሺ ኤል 200 ቀዳዳዎች በአንድ ልክ ቢደረደሩም፣ የመካከሉ ቀዳዳ ለሂሉክስ 106፣ ለሚትሱቢሺ 67 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ የሚትሱቢሺው ቸርኬ በሂሉክስ ሞዞ ላይ አይገባም። ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬም ኩሽኔታን ያለ ጊዜው ይበላል። ደግሞም 265 ስፋት ያለው ጎማ ቢያንስ 7 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋል።

የአባትየው አሳብ ከልጁ ይልቅ አደገኛ ሆኖ ተገኘ። በእንደዚህ ያለች መኪና የፊቱ ዲፈረንሻል ሲገናኝ የፊትና የኋላ እግሮች እኩል እንዲዞሩ ይታሰራሉ። የኋላው ከፊቱ 6 እጅ ቢበልጥ፣ በጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያስታርቀዋል፤ አስፋልት ላይ ግን መሸሻ ስለሌለው ኃይሉ ወደ ማርሽ ቤቱ ተመልሶ ጥርሱን ይሰብራል። ሁለት ጎማ ያተረፈ ሰው ማርሽ ቤት ይከፍላል ማለት ነው።

እንግዲህ መጠኑን ሳይሆን ጥርሱንና የመሸከም ኃይሉን መምረጥ ይገባል። በጅማ መንገድ ከሰበታ ለሚመላለስ ሰው የአስፋልት ጥርስ ይበቃዋል፤ በቡራዩ የውስጥ ለውስጥ ዳገት ለሚወጣ መካከለኛ ጥርስ፣ ለሱሉልታ ጭቃ ደግሞ ጥልቅና ሰፋ ያለ ጥርስ ይሻላል። ከመጠኑ ቀጥሎ ከሚጻፉት ቍጥሮች 104 የሚለው አንዱ ጎማ 900 ኪሎ፣ 110 የሚለው 1060 ኪሎ እንደሚሸከም ያስረዳል፤ ለጭነት መኪና ከፊተኛው ያነሰ አይገዛም። አራት አኃዝ ያለው ቍጥርም የተሠራበትን ሳምንትና ዓመተ ምሕረት በፈረንጅ አቈጣጠር ይነግራል፤ ብዙ ዓመት በመጋዘን የሰነበተ ጎማ አዲስ ቢመስልም አዲስ አይደለም። መጠን መለወጥ ግድ ከሆነ፣ ቸርኬው 6 ኢንች ስፋት ካለው 225/75R16 ከፊተኛው በ10 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚበልጥ ይስማማል፤ ይኸውም አራቱም አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው።

በመጨረሻ ቀድሞ በነበረው መጠን አራት ጎማ ገዙ፤ ለቸርኬ ታስቦ የነበረው ገንዘብም ለፍሬን ሸራ ዋለ። እኅቴ ጎሕ ሳይቀድ ባልዋን ስትሸኝ ከወትሮው ይልቅ ልቧ ያረፈ ይመስለኛል። ልጁ ግን ሰፊ ጎማ የገጠመች መኪና ባለፈች ቍጥር ዛሬም ዞር ብሎ ያያል። እኔም አልገሥጸውም፤ ዞሮ ሲያይ ቍጥሩን እያነበበ መሆኑን አውቄአለሁና።