የደመወዝ ጭማሪው፣ የቤት ዕዳውና የክፉ ቀን ተቀማጩ

በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የደመወዝ ማሻሻያ ዝቅተኛውን የመንግሥት ሠራተኛ ወርሃዊ ደመወዝ ከ4 ሺህ 760 ብር ወደ 6 ሺህ ብር፣ ከፍተኛውን ከ21 ሺህ 492 ብር ወደ 39 ሺህ ብር ከፍ አድርጎታል። በመጀመሪያ ዲግሪ ሥራ የሚጀምር ባለሙያ ደመወዝም ከ6 ሺህ 940 ብር ወደ 11 ሺህ 500 ብር አድጓል። ማሻሻያው የኑሮ ውድነቱን ጫና ለማቃለል የተወሰደ እርምጃ እንደመሆኑ አብዛኛው ጭማሪ ወደ ቀለብ፣ ወደ ትራንስፖርትና ወደ ልጆች ትምህርት መሄዱ የሚጠበቅ ነው።

የቤት ብድር ያለባቸው ሠራተኞች ግን ከዚህ በተጨማሪ ሌላ ጥያቄ ገጥሟቸዋል። ከጭማሪው ላይ ጥቂት ማትረፍ ቢቻል ገንዘቡ የባንኩን ዕዳ ቶሎ ለማቃለል ይዋል ወይስ ለክፉ ቀን ይቀመጥ? ሁለቱም በጎ ዓላማዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ገቢው ከወር ወር ወይም ከዓመት ዓመት ለሚለዋወጥ ቤተሰብ ቅደም ተከተሉ ቤቱን ይዞ በመዝለቅና ቤቱን በማጣት መካከል ልዩነት ሊፈጥር የሚችል ጉዳይ ነው።

የማይለወጥ ክፍያ፣ የሚለዋወጥ ገቢ

በከተሞች በተለይም በአዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኛው የቤት ባለቤት የሚሆንበት ዋነኛ መንገድ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ልማት ፕሮግራም ሆኖ ቆይቷል። በ20/80 መርሐ ግብር ቤት የደረሰው ነዋሪ የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ከቁጠባው ከፍሎ ቀሪውን 80 በመቶ ከባንክ በሚያገኘው የረጅም ጊዜ ብድር ይሸፍናል። በዚህ ረገድ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክን በ2008 ዓ.ም. የጠቀለለው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ግንባር ቀደሙን ድርሻ ይዟል። በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ጎህ ቤቶች ባንክን የመሰሉ የግል ባንኮችም ወደ ዘርፉ ገብተዋል።

የቤት ብድር አንዱ ባሕርይ ወርሃዊ ክፍያው ለረጅም ዓመታት ሳይቋረጥ የሚዘልቅ መሆኑ ነው። ውሉ የተፈረመበት ክፍያ ቤተሰቡ በታመመበትም ሆነ ሠርግ በደገሰበት ወር እኩል ይጠበቃል። የሠራተኛው ገቢ ግን እንዲህ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው በነጥብ የሥራ ምዘና ላይ የተመሠረተ የደመወዝ ስኬል እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ድረስ አገልግሏል። በዚህ መካከል በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ደመወዝ እንደ ደረጃ መሰላል በየጊዜው እየዘለለ ሲያድግ ዋጋ ግን በየወሩ ይጨምራል። በመሆኑም በወረቀት ላይ ያልተለወጠ ደመወዝ እንኳ በገበያ ላይ ሲታይ የሚለዋወጥ ገቢ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህም ሌላ የብዙ ቤተሰቦች ገቢ በደመወዝ ብቻ የተወሰነ አይደለም። የመስክ ውሎ አበል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የማታ ትምህርት ማስተማር፣ የትዳር ጓደኛ አነስተኛ ንግድ፣ በውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚልከው ገንዘብ በአንድ ወር ይመጣል፣ በሌላው ይቀራል። የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ የመስክ ሥራ ይቀንሳል፣ ሥልጠናና ስብሰባ በሚበዛበት ወቅት ደግሞ አበሉ ከፍ ይላል። የደረሳቸውን ቤት አከራይተው ከኪራዩ ዕዳ የሚከፍሉም ቢሆኑ ቤቱ ተከራይ አጥቶ በሚቆይበት ወር ክፍያው ከኪሳቸው ይወጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ መደንገጉና የኪራይ ጭማሪን በሥርዓት መምራቱም አከራዩ እንደፈለገ ኪራይ ጨምሮ ዕዳውን ይሸፍናል የሚለውን ስሌት የማያስተማምን አድርጎታል።

ጭማሪው በቁጥር ሲሰላ

ጉዳዩን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። በመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ደመወዝ የሚከፈለውና የ300 ሺህ ብር የቤት ብድር ያለበት አንድ ባለሙያ አለ እንበል። ለስሌት እንዲያመች ወለዱ በዓመት 9.5 በመቶ፣ የመክፈያ ጊዜው 20 ዓመት ቢሆን ወርሃዊ ክፍያው 2 ሺህ 796 ብር ገደማ ይሆናል።

ደመወዙ 6 ሺህ 940 ብር በነበረበት ጊዜ በቀድሞው የግብር ምጣኔ 1 ሺህ 170 ብር የሥራ ግብር፣ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ደግሞ 486 ብር ያህል ተቀንሶ እጁ ላይ የሚደርሰው 5 ሺህ 284 ብር ነበር። የቤት ዕዳው ብቻውን ከዚህ ውስጥ 53 በመቶ ያህሉን ይወስድ ነበር። በአዲሱ ስኬል 11 ሺህ 500 ብር ሲከፈለው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከግብር ነጻ የሆነውን የወር ገቢ ከ600 ብር ወደ 2 ሺህ ብር ከፍ በማድረጉ ግብሩ 2 ሺህ 100 ብር፣ የጡረታ መዋጮው 805 ብር ሆኖ የተጣራ ደመወዙ 8 ሺህ 595 ብር ይደርሳል። ያው የ2 ሺህ 796 ብር ክፍያ አሁን የሚወስደው 33 በመቶ ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የስኬሉ ጭማሪ 4 ሺህ 560 ብር ቢሆንም እጅ ላይ የሚደርሰው ጭማሪ 3 ሺህ 311 ብር መሆኑ ነው። ያልተጣራውን ቁጥር ይዞ ዕቅድ የሚያወጣ ቤተሰብ ገና ከመነሻው ከአንድ ሺህ ብር በላይ ይሳሳታል።

ተቀማጩ ለምን ይቀድማል?

የቤት ዕዳ ክፍያ ሲቋረጥ የሚከተለው ጉዳት ከሌሎች ዕዳዎች የከፋ ነው። ለባንክ በመያዣ የተሰጠ ንብረትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች ከተበዳሪው ጋር በሚገቡት ውል መሠረት ከ30 ቀን ያላነሰ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ይሰጣል። በተግባር ባንኮች ከተበዳሪው ጋር ተነጋግሮ መፍትሔ መሻትን የሚያስቀድሙባቸው አጋጣሚዎች ቢኖሩም ሕጉ የሰጣቸው ጊዜ አጭር ነው። ሠላሳ ቀን ደግሞ አንድ ደመወዝ የሚከፈልበት ጊዜ ብቻ ነው።

ያተረፈውን ሁሉ ለባንኩ አስቀድሞ የከፈለ ሰው በድንገት የቤተሰቡ አባል ታምሞ የአንድ ወር ክፍያ ቢያጎድል ባለፈው ዓመት በተጨማሪ የከፈለው ገንዘብ ላያስጥለው ይችላል። ገንዘቡ ግድግዳ ሆኗልና ለመድኃኒት መግዣ አይመለስም። በባንክ ሒሳቡ ላይ የሦስት ወር ወጪ ያለው ሰው ግን ሁለቱንም ይወጣል። ተቀማጩ የሚቀድመውም ስለዚህ ነው።

በአገራችን ዕድርና ዕቁብ ይህንን ክፍተት ሲሸፍኑ መቆየታቸው አይካድም። ይሁንና ዕድር በዋናነት ለሐዘን የሚደርስ ነው፤ የአበል መቋረጥን ወይም የተከራይ መልቀቅን አይሸፍንም። ዕቁብም ቢሆን ጥሩ የቁጠባ ልማድ ቢያስለምድም ዕጣው የሚወጣበት ቀን ችግሩ ከሚመጣበት ቀን ጋር የሚገጥመው አልፎ አልፎ ነው። ዳኛውን አስፈቅዶ ተራ መቀያየር ቢቻልም በሌላው መልካም ፈቃድ ላይ የሚመሠረት በመሆኑ ዕቁብን የመጠባበቂያው ምትክ ሳይሆን ማጠራቀሚያ መንገዱ አድርጎ መውሰዱ ይመረጣል። ከሥራ ባልደረባ መበደርም እንዲሁ ነው። ችግሩ የሁሉም በሆነበት ወቅት፣ ለምሳሌ የትምህርት ቤት ክፍያ በሚከፈልበት መስከረም ላይ፣ አበዳሪ አይገኝም።

ወደ ምሳሌው ስንመለስ ባለሙያው ከተጣራው ጭማሪ 1 ሺህ 500 ብር ቢያስቀምጥና ቀሪው 1 ሺህ 811 ብር በኑሮ ውድነት ምክንያት ያደገውን ወጪ ቢሸፍን የቤት ዕዳውን ጨምሮ ወርሃዊ ወጪው 7 ሺህ 100 ብር ያህል ይሆናል። የሦስት ወሩ 21 ሺህ 300 ብር ነው። ይህንን በ15 ወር ውስጥ መሙላት ይቻላል። ደመወዙ ብቸኛ ገቢ ካልሆነና የትዳር ጓደኛም ከሠራ ጊዜው ያጥራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ አስቀድሞ የአንድ ወር የቤት ዕዳ የሚሸፍነውን 2 ሺህ 796 ብር፣ ቀጥሎ የአንድ ወር ሙሉ ወጪን፣ በመጨረሻም የሦስት ወሩን እንደ ግብ መያዝ ዕቅዱን ቀላል ያደርገዋል።

ዕዳውን አስቀድሞ መቀነስ

መጠባበቂያው ከተሟላ በኋላ ገንዘቡን በሒሳብ ላይ እያከማቹ መሄድ ጥቅሙ እየቀነሰ ይመጣል። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ማሳደጉ ይታወሳል። ለብድር የሚከፈለው ወለድ ለቁጠባ ከሚገኘው በላይ እስከሆነ ድረስ ትርፉን ገንዘብ ወደ ዋናው ዕዳ ማዞሩ አዋጭ ነው።

በምሳሌው ላይ የመጀመሪያው ወር ክፍያ ከሆነው 2 ሺህ 796 ብር ውስጥ 2 ሺህ 375 ብሩ ወለድ ነው፤ ዋናውን ዕዳ የሚቀንሰው 421 ብር ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ በ20 ዓመት ውስጥ የሚከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ 671 ሺህ ብር ይደርሳል። ተበዳሪው ከመጀመሪያው አንሥቶ በየወሩ 500 ብር ቢጨምር ግን ዕዳው በ13 ዓመት ከ6 ወር ያልቃል፤ ከወለድም 138 ሺህ ብር ያህል ይተርፈዋል። ዘግይቶ የጀመረ ሰው የሚያተርፈው ከዚህ ቢያንስም ስሌቱ አቅጣጫውን አይለውጥም። ስለሆነም መጠባበቂያው ከሞላ በኋላ በየወሩ ከሚቀመጠው 1 ሺህ 500 ብር ውስጥ 500 ብሩን ወደ ዋናው ዕዳ ማዞር፣ ቀሪው ደግሞ ዋጋ በጨመረ ቁጥር መጠባበቂያውን እንዲያሳድግ ማድረግ ተመጣጣኝ መንገድ ነው።

አንዳንዶች የዋጋ ግሽበት ባለበት አገር ዕዳን አስቀድሞ መክፈል ሞኝነት ነው፣ ብሩ ስለሚረክስ ዕዳውም ይቀላል ሲሉ ይከራከራሉ። ክርክሩ ከፊል እውነት አለው። ከላይ እንደታየው የምሳሌው ባለሙያ ክፍያ ከገቢው 53 በመቶ ወደ 33 በመቶ የወረደው አንድ ብር ተጨማሪ ሳይከፍል ነው። ይሁን እንጂ ዕዳው የቀለለው ዋጋ ስለጨመረ ሳይሆን ደመወዝ ስላደገ ነው። ደመወዝ ባለበት በቆመባቸው ዓመታት ያው ግሽበት ዕዳውን ከማቅለል ይልቅ የሚከፈልበትን አቅም ሲያዳክም ታይቷል።

ተጨማሪ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት መጣራት ያለባቸው ጉዳዮችም አሉ። ውሉ አስቀድሞ ለመክፈል ቅጣት ወይም ቅድመ ሁኔታ እንዳለው ማንበብ፣ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ለመጪው ወር ክፍያ ሳይሆን ለዋናው ዕዳ ቅነሳ እንዲውል በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ከዚያም የቀሪ ዕዳ መግለጫ መውሰድ ተገቢ ነው። ገንዘቡ ለመጪው ወር ብቻ ከተመዘገበ የመክፈያ ጊዜው አያጥርምና።

በዝቅተኛው ወር ማቀድ

ገቢው ለሚለዋወጥ ቤተሰብ ጠቃሚው መርህ መደበኛ ወጪንና የቤት ዕዳን በዝቅተኛው ወር ገቢ ላይ መመሥረት ነው። አበል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና ኪራይ እንደ ተጨማሪ እንጂ እንደ መሠረት ሊወሰዱ አይገባም። በአበል ላይ ተማምኖ የተገባ ግዴታ ሠራተኛው ወደ ሌላ የሥራ ክፍል በተዛወረ ማግስት ይናጋል። በተቃራኒው አበል በመጣ ወር ግማሹን ወደ መጠባበቂያው፣ መጠባበቂያው የሞላ እንደሆነ ወደ ዋናው ዕዳ ማዞር ቤተሰቡ ሳይጎዳ የሚፈጸም ቁጠባ ነው።

በዚህ ረገድ የመሥሪያ ቤቶች ኃላፊነትም ቀላል አይደለም። በየተቋሙ የተቋቋሙ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት መዋጮውን ከደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ላይ በቀጥታ ስለሚሰበስቡ ገንዘቡ ለወጪ ሳይጋለጥ ይቀመጣል። ማኅበራቱን ማጠናከር፣ ደመወዝና አበልን በወቅቱ መክፈል፣ ደመወዝ በተሻሻለ ቁጥር የተጣራውን መጠን ለሠራተኛው በግልጽ ማስረዳት ከፋይናንስና ከሰው ሀብት የሥራ ክፍሎች የሚጠበቅ ነው። ባንኮችም ተጨማሪ ክፍያ የሚፈጸምበትን ሥርዓት ቀላል ቢያደርጉና ችግር የገጠመው ተበዳሪ ክፍያውን ከማቋረጡ በፊት ቀርቦ እንዲያመለክት ቢያበረታቱ የራሳቸውንም ብድር ከብልሽት ይጠብቃሉ።

የደመወዝ ማሻሻያ በየዓመቱ የሚመጣ አይደለም። ጭማሪው በአዳዲስ ወጪዎች ተውጦ ከማለቁ በፊት ከላዩ ጥቂቱን ለይቶ አስቀድሞ ለክፉ ቀን፣ ቀጥሎም ለዕዳ ቅነሳ ያዋለ ቤተሰብ ቀጣዩን ማሻሻያ የሚጠብቀው በቤቱ ውስጥ ሆኖ ነው።