ሐኪሙ ማዘዣ ጻፈ፤ መድኃኒቱን ማን ያምጣ?

በጅቡቲና በኢትዮጵያ የመድኃኒት ግዢ ለምትወስኑ ኃላፊዎች በሙሉ

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ ከጅቡቲ ከተማ የምጽፍላችሁ በሄፓታይተስ ሲ ሕክምና ላይ ልማድ እየሆነ ስለመጣ አንድ አሠራር ነው። ሐኪም ይመረምራል፣ ማዘዣ ይጽፋል፤ ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱን ፈልጎ ማግኘት የሕመምተኛው ጉዳይ ይሆናል። አቅም ያለው ቲኬት ቆርጦ አዲስ አበባ ወይም ሕንድ ይሄዳል። ሌላው ዘመድ ያስቸግራል፣ መንገደኛ ይለምናል፣ ዕቃ ከውጭ ለሚያመላልስ ነጋዴ ገንዘብ አስቀድሞ ይሰጣል። ይህም የማይሆንለት ማዘዣውን አጣጥፎ ያስቀምጥና ጉበቱ እስኪጎዳ ይጠብቃል። እንዲህ የሚሆነው መድኃኒቱ ውድ ስለሆነ ነው ይባላል። ይህ ምክንያት በአንድ ወቅት እውነት ነበር፤ ዛሬ ግን አይሠራም፤ እኔም የምከራከረው ከዚሁ ተነስቼ ነው።

ሶፎስቡቪር የተባለው የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 በአሜሪካ ሲፈቀድ የ12 ሳምንቱ ሕክምና 84,000 ዶላር ነበር፤ አንዷ እንክብል 1,000 ዶላር ማለት ነው። ዶላር በ177.7 ፍራንክ ሲመነዘር ወደ 15 ሚሊዮን የጅቡቲ ፍራንክ ይደርሳል። በ2014 የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲው አንድሩ ሂልና ባልደረቦቹ ይኸው ሕክምና በጅምላ ቢመረት ወጪው ከ68 እስከ 136 ዶላር እንደሚሆን አስልተው አሳተሙ። በዚያው ዓመት መስከረም ጊሊያድ የተባለው የመድኃኒቱ ባለቤት ሰባት የሕንድ አምራቾች ጀነሪኩን ሠርተው ለ91 ታዳጊ አገሮች እንዲሸጡ ፈቀደ፤ ጅቡቲም ኢትዮጵያም ከዝርዝሩ ውስጥ አሉ። በ2015 ሁለተኛው መድኃኒት፣ ዳክላታስቪር፣ የመድኃኒት ፓተንት ቋት በተባለው ተቋም በኩል ለ112 አገሮች ተከፈተ። በግንቦት 2023 ደግሞ የክሊንተን የጤና ተቋምና የሄፓታይተስ ፈንድ ከአምራቾች ጋር ተስማምተው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ጥራቱን ያረጋገጠለት የሁለቱ መድኃኒቶች የ12 ሳምንት ሕክምና በ60 ዶላር እንደሚቀርብ አስታወቁ። ይህ 10,700 ፍራንክ ገደማ ነው። የሕግ እንቅፋት አለ ለማለትም አይቻልም። ጅቡቲ በዓለም ንግድ ድርጅት ውስጥ በአነስተኛ የዕድገት ደረጃ የምትገኝ አገር ስለሆነች እስከ 2033 መባቻ ድረስ የመድኃኒት ፓተንት የማስከበር ግዴታ የለባትም።

ታዲያ 10,700 ፍራንክ የሆነ ነገር ስለምን የአውሮፕላን ቲኬት ያስቆርጣል? ምክንያቱም 60 ዶላር የጅምላ ትእዛዝ ዋጋ ነው። መንግሥት፣ የግዢ ማዕከል ወይም ለጋሽ ድርጅት በብዛት ሲያዝ የሚገኝ ዋጋ እንጂ አንድ ሰው ፋርማሲ ገብቶ የሚከፍለው አይደለም። ብቻውን የሚገዛ ሕመምተኛ የችርቻሮውን ዋጋ፣ የአምጪውን ድርሻ፣ የመንገዱን ወጪ ይጨምራል፤ ድካሙን የሚቆጥርለትም የለም። ዕቃው ራሱ ግን እጅግ ትንሽ ነው፦ 28 እንክብል የያዙ ሦስት የሶፎስቡቪር ብልቃጦች፣ እንዲሁ ሦስት የዳክላታስቪር፤ በቀን ከእያንዳንዱ አንድ አንድ፣ ለ84 ቀን። የመቶ ሰው ሕክምና በጥቂት ካርቶን ያልቃል። የኢትዮጵያ ገቢ ዕቃ አብዛኛው በሚራገፍበት ወደብ ላይ ለምንኖር ሰዎች ይህን ማምጣት የጭነት ጥያቄ ሊሆን አይችልም። የጎደለው የትእዛዝ ወረቀቱ ነው።

በሻንጣ የሚመጣ መድኃኒት ሲነሳ ሁሉም ሰው አስመስሎ የተሠራ እንዳይሆን ይፈራል። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን መድኃኒቱ ትክክለኛ ሆኖም ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት ነው። ሳንባ ነቀርሳ በጅቡቲ ብዙ ሰው የሚይዝ በሽታ ነው፤ የሕክምናው ዋና መድኃኒት ሪፋምፒሲን ደግሞ የሶፎስቡቪርንና የዳክላታስቪርን መጠን በደም ውስጥ አውርዶ ሕክምናውን ከንቱ ያደርገዋል። ኤፋቪሬንዝ የሚወስድ የኤችአይቪ ታካሚ ዳክላታስቪሩ ከ60 ወደ 90 ሚሊግራም ከፍ ሊልለት ይገባል። አሚዮዳሮን የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሶፎስቡቪር ሲጨመርበት የልብ ምቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊዘገይ ይችላል። ከሁሉም በላይ በአካባቢያችን ብዙ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ይዞ ይኖራል፤ ሲ ሲጠፋ ተኝቶ የነበረው ቢ ሊነሳና ጉበትን እስከ ሞት ሊያደርስ ስለሚችል የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2016 ከሕክምናው በፊት የቢ ምርመራ እንዲደረግ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ይህን ሁሉ ለሕመምተኛው የሚነግረው መንገደኛው ነው? ብልቃጡ ከ30 ዲግሪ በታች እንዲቀመጥ ተጽፎበታል፤ የጅቡቲ የሐምሌ ሙቀት ግን ከ40 ያልፋል፤ በቆመ መኪና ውስጥማ አይነገርም። ሦስተኛውን ብልቃጥ ያመጣል የተባለው ሰው ጉዞው ሲሰረዝበትስ? ሕክምናው በስምንተኛው ሳምንት ይቋረጣል፤ ቫይረሱም የመመለስ ዕድል ያገኛል።

አንዳንድ ኃላፊዎች ከዚህ ተነስተው የግለሰብ ማስመጣትን እንከልክል ይሉ ይሆናል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። አውስትራሊያ ለራስ መጠቀሚያ የሦስት ወር መድኃኒት ማስመጣትን የሚፈቅድ ሕግ ስለነበራት፣ በ2015 የታስማኒያው ሐኪም ጄምስ ፍሪማን ሕመምተኞች ጀነሪኩን ከውጭ እንዲያስመጡ ረድቶ በክትትል አከማቸው፤ ውጤቱንም በ2016 ለአውሮፓ የጉበት ሐኪሞች ጉባኤ ሲያቀርብ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከቫይረሱ ነጽተው ነበር። መድኃኒቱ ከውጭ በግለሰብ እጅ መምጣቱ ሳይሆን ሐኪም ሳይከታተለው መወሰዱ ነው ችግሩ። ስለዚህ የመንግሥት ትእዛዝ እስኪደርስ ድረስ ማዘዣ ይዞ ለራሱ የሚያስመጣ ሰው በጉምሩክ አይንገላታ፤ ሐኪሙም ብልቃጡን አይቶ፣ ቢን መርምሮ፣ የሚወስዳቸውን ሌሎች መድኃኒቶች ጠይቆ ያስጀምረው። በር ዘግቶ ሌላ በር አለመክፈት ከአሁኑም የከፋ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው መከራከሪያ የጅቡቲ ማነስ ነው። አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት አገር የሚያስፈልጋት መጠን ስለሚያንስ አምራቾች ለእሷ ብለው መድኃኒት አያስመዘግቡም፣ ጨረታም አይገቡም። እውነት ነው፤ መልሱም በዚያው በትንሽነቷ ውስጥ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት ከዓለም የሄፓታይተስ ቢና ሲ ሸክም ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋውን ከሚሸከሙት አሥር አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ብዙ የሚያስፈልገው ጎረቤት አጠገቧ እያለ ጅቡቲ ብቻዋን ጨረታ ማውጣት የለባትም። ሁለቱም አገሮች በፈቃዱ ዝርዝር ውስጥ ስላሉ አንድ ላይ ቢያዝዙ ውሉን አይጥሱም። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በሚያዘው ላይ የጅቡቲ ድርሻ ይጨመር፤ አዲስ አበባ የመዘገበችውን ምርት ጅቡቲ በአጭር ሥርዓት ትቀበል። ሁለቱ መንግሥታት በሰዓታት ውስጥ የሚጠወልግ ዕቃ በየቀኑ ድንበር ማሻገርን ያውቁበታል፤ ከሐረርጌ የተቆረጠው ጫት በዕለቱ ጅቡቲ ደርሶ፣ ቀረጡ ተከፍሎ፣ ከሰዓት በኋላ ገበያ ላይ ነው። ለጫት የተዘረጋው የፈቃድ፣ የጉምሩክና የማጓጓዣ ሰንሰለት ከስድስት ብልቃጥ በብዙ እጥፍ የሚከብድ ሥራ ነው።

የጉበት ስፔሻሊስት የለንም የሚለውን ባጭሩ ልመልሰው። ሁለቱ መድኃኒቶች በሁሉም የቫይረሱ ዓይነቶች ላይ ስለሚሠሩ ዓይነቱን የመለየት ምርመራ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባሻሻለው መመሪያ ሕክምናው በጠቅላላ ሐኪምና በነርስ እንዲሰጥ መክሯል። ቫይረሱ በደም ውስጥ መኖሩን የሚያረጋግጠው ምርመራም ለሳንባ ነቀርሳ በገባው የጂንኤክስፐርት ማሽን ላይ ይሠራል፤ መገዛት ያለበት ለሲ የሚሆነው ካርትሪጅ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ግብጽን ተመልከቱ። በዓለም ላይ እጅግ ከተጠቁት አገሮች አንዷ ነበረች፤ መነሻውም በመንግሥት የቢልሃርዚያ ዘመቻ ጊዜ በአግባቡ ሳይቀቀል ለብዙ ሰው የዋለ መርፌ ነው። በ2014 ሕክምናውን በ900 ዶላር ተደራድራ ጀመረች፣ በአገሯ ፋብሪካዎች አምርታ ዋጋውን ከመቶ ዶላር በታች አወረደች፣ በ2018 የጀመረችው ዘመቻም ወደ 50 ሚሊዮን ሰው መረመረ። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ለማጥፋት ወደሚያስችለው ደረጃ መድረሷን የመሰከረላት የመጀመሪያዋ አገር ሆናለች። ያ ሥራ ሕመምተኛው ራሱ ይፈልግ ተብሎ ቢተው ኖሮ የሚሆን አልነበረም። እዚህም የጉበት ካንሰር የያዘውን ሰው ማስታመም፣ ውጭ ልኮ ማሳከም ከ60 ዶላር ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ኢትዮጵያዊ ስደተኛስ በማን ሒሳብ ይታከም የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። በባልባላ ጤና ጣቢያ መርፌ የሚወጋውም፣ በኦቦክ በኩል ባሕር ሊሻገር መጥቶ የታመመውም ደሙ ከሌላው ሰው ደም ጋር የሚገናኝበት አጋጣሚ አንድ ነው። እሱን ከዝርዝሩ ማውጣት ቫይረሱን በከተማው ውስጥ ማቆየት ነው፤ የጋራ ትእዛዙ ከኢትዮጵያ ጋር ከሆነ ደግሞ ወጪውን ለመጋራት መነጋገር ይቀላል።

ስንት ሰው እንዳለ ሳናውቅ ምን ያህል እናዝዝ ለምትሉኝ፣ አገር አቀፍ ጥናት እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም። ደም ለጋሾች ለሄፓታይተስ ሲ ይመረመራሉ፤ በሆስፒታልና በግል ላቦራቶሪ መዛግብት ውስጥም ምርመራቸው ፖዘቲቭ የሆነ ሰዎች ስም አለ። እነዚህን መዛግብት አሰባስባችሁ፣ ሰዎቹን በምስጢር ጠርታችሁ፣ ቫይረሱ አሁንም በደማቸው ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። የሚገኘው ቁጥር የመጀመሪያው ትእዛዝ መጠን ይሁን፤ ለሲሮሲስ (የጉበት መጠጠር) ታካሚዎችም ሕክምናው እስከ 24 ሳምንት ስለሚቆይ ተጨማሪ ብልቃጥ ይያዝላቸው። ትእዛዙ በየትኛው ወር እንደሚላክና ማን እንደሚፈርምበት በይፋ እንድታሳውቁን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከጅቡቲ ከተማ