ጢስ ዓባይ፣ መብራታችንና የሐረር ቧንቧ



የዚህ ወር ወጋችን ስለ ሀገራችን ፏፏቴዎች ነው። «ውሃ በጄሪካን ቆጥሮ የሚቀዳ የሐረር ሰው ስለ ፏፏቴ ምን አገባው?» የሚለን አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

አንድ ብር ወረቀት በነበረበት ዘመን ያደገ ሰው ሁሉ ጢስ ዓባይን ባይሄድበትም ያውቀዋል። በኖቱ በአንድ ወገን የአንድ ልጅ መልክ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ወፎችና ተዘርግቶ የሚወርድ ፏፏቴ ነበሩ። ዛሬ ተማሪዎቻችን የሚያውቁት ሳንቲሙን ነውና ለእነርሱ ከሥሩ መጀመር ሊኖርብን ነው። ዓባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ 45 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ጥቁር የገደል ድንጋይ ላይ ይወረወራል። ክረምቱ ጠግቦ ወንዙ ሲሞላ የፏፏቴው ስፋት 400 ሜትር ይደርሳል። ከታች የሚነሣው ርጭት ከሩቅ ሲታይ ጢስ ይመስላል፤ ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። ፀሐይ በርጭቱ ላይ ስታርፍ ቀስተ ደመና ይዘረጋል፣ በአካባቢው ያለው ሣርና ዛፍም በዚያው እርጥበት ይለመልማል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጥቶ አይቶታል። ከፏፏቴው ዝቅ ብሎ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ እስከ ዛሬ ቆሟል።

ፏፏቴ እንዴት ይፈጠራል? ደጋችን በአብዛኛው ጥንት ከምድር ውስጥ ፈልቆ በተደራረበ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ነው። አንዱ ንብርብር ጠንካራ፣ ሌላው ልል ይሆናል። ወንዙ ሲወርድ ልሉን ቶሎ ይበላዋል፣ ጠንካራው ይቀራል፤ በሁለቱ መካከል ደረጃ ይፈጠራል፣ ውሃውም ከደረጃው ይዘላል። ከሥር ያለው ሲቦረቦር ከላይ ያለው ድንጋይ እየተናደ ፏፏቴው በብዙ ሺህ ዓመታት ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። አላህ (ሱ.ወ.) ለምድር ያበጀላት ሥርዓት ሲታይ ውሃ ለስላሳ ነው፣ ድንጋይ ጠንካራ ነው ብሎ መፍረድ ያስቸግራል።

በኢሉባቦር ከመቱ ብዙ ሳይርቅ የሶር ፏፏቴ አለ፤ ዙሪያው ጉሬዛ የሚዘልበት፣ ቡናው ሰው ሳይተክለው የሚበቅልበት ጥቅጥቅ ደን ነው። (የሐረር ቡና ባለቤቶች ነን ብለን የምንኮራ ሁሉ አንድ ቀን ያንን ደን ብናየው አይከፋም።) በሰሜን ተራሮች ደግሞ ጅንባር የተባለው ውሃ ወደ 500 ሜትር በሚጠልቅ ገደል ይወርዳል። በበጋ ቀጥኖ ክር ይመስላል፤ ዝናም ሲጥል ግን ጭላዳዎቹ የሚግጡበት አምባ ድረስ ድምፁ ይሰማል። ስሙ የገነነው ግን ጢስ ዓባይ ነው፤ ዕዳውም የበዛው በእርሱ ላይ ነው።

ከፏፏቴው አጠገብ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነበር። ኃይሉ 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ስለሆነ ከወንዙ የሚቀንሰው ብዙ አልነበረም። በ1988 ዓ.ም. ጣና በሚወጣበት በር ላይ፣ ጨረጨራ በተባለው ቦታ፣ ውሃውን የሚያዝ መቆጣጠሪያ ተሠራ። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጢስ ዓባይ ሁለተኛው ተጨመረ። እነዚህ ሁለቱ ውሃውን ከፏፏቴው በላይ ይወስዱትና ተርባይን አዙረው ከፏፏቴው በታች ይመልሱታል፤ ማለትም ወንዙ ውሃውን አያጣም፣ የሚያጣው ገደሉ ነው። በ2002 ዓ.ም. ጣና በለስ ሥራ ሲጀምር ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ይህ ማመንጫ ውሃውን የሚቀዳው ከሐይቁ ራሱ ነው፤ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም የምድር ውስጥ ዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ወንዝ ይለቀዋል። በለስም ሩቅ ዞሮ ዓባይን ይቀላቀላል፤ በጢስ ዓባይ በኩል አያልፍም። እናም ፏፏቴው ከክረምት በኋላ በብዙው የዓመቱ ክፍል ቀጭን ዝርግ ሆኖ፣ አንዳንዴም ጥቁሩ ድንጋይ ብቻ ቀርቶ ይታያል። ብዙ ሰው ለዚህ ታላቁን የሕዳሴ ግድብ ሲወቅስ እንሰማለን። በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ ግን ከፏፏቴው እጅግ ዝቅ ብሎ ሱዳን ድንበር አጠገብ ያለ ነው፤ ታች ያለ ግድብ ላይኛውን ውሃ አይወስድም።

መሐንዲሶቹ ለምን በለስን መረጡ? በጢስ ዓባይ ውሃው 50 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ በበለስ በኩል ግን ውድቀቱ ከ300 ሜትር በላይ ነው። አንዷ ጄሪካን ውሃ እዚያ ከምትሰጠው ብርሃን እዚህ ስድስት እጥፍ ትሰጣለች። 460 ሜጋ ዋት የተገኘው በዚህ ስሌት ነው። ስሌቱን ስሕተት ነው ማለት አንችልም።

አሁን ወደ ጁገል እንመለስ። ለዘመናት የሐረር ውሃ ይመጣ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ዙሪያው ተመነጠረ፣ ደለል ሞላው፣ ለጫትና ለአትክልት ሌት ተቀን በፓምፕ ተሳበ፤ በ1990ዎቹ ማብቂያ በእኛ አቆጣጠር ሐይቁ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውሃው መመለሱ ያስደስተናል፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን በዚያ መሃል ከተማችን ፊቷን ወደ ድሬዳዋ ቆላ አዙራ ከዚያ ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ይገፋላት ጀመር። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ናቸው። ልዩነቱን አስሉት፤ የጢስ ዓባይን ቁመት አሥራ አምስት ጊዜ ደራርቦ ወደ ላይ መግፋት ነው። ይህ ሽቅብ የሚሄድ ፏፏቴ ነው፤ የሚገፋውም ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩ ደግሞ ከሌላ ቦታ ከወደቀ ውሃ የመነጨ፣ ከበለስም ከግቤም መጥቶ በአንድ መረብ የተቀላቀለ ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ቧንቧው ጭጭ ይላል፤ እናቶች ለሱብሒ ውዱእ ከበርሜሉ በጣሳ ይጨልፋሉ። የሐረር ሰው በፏፏቴ ምን አገባው ላለን መልሳችን ይኸው ነው።

ስለዚህ ማመንጫዎቹ ይቁሙ የምንል አይደለንም፤ በጄሪካን የሚኖር ሰው እንዲህ ቢል ሐቀኛ አይሆንም። ይሁን እንጂ የፏፏቴው መድረቅ ዋጋ የለውም ማለትም አይደለም። በጢስ ዓባይ ዳር የሚኖረው ገበሬ፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ መንገድ መሪው፣ የእጅ ሥራ የምትሸጠው ልጅ የሚጠብቁት የእንግዳን እግር ነው። እንግዳ ባዶ ድንጋይ ለማየት ስንት ጊዜ ይመጣል? ደግሞም መካከለኛ መንገድ አለ። አሜሪካና ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1950 በተፈራረሙት ውል፣ በጎብኚ ወቅት ቀን ቀን በኒያጋራ ላይ በሰኮንድ ወደ 2,800 ሜትር ኩብ ውሃ እንዲፈስ፣ ማታና በክረምታቸው ግን ግማሹ ብቻ እንዲቀር ወስነዋል። ደሴቲቱ ስሪላንካም ፏፏቴ ሞልቶላት ከዚሁ ፈተና አላመለጠችም። እ.ኤ.አ. በ2012 150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የላይኛው ኮትማሌ ሥራ ሲጀምር፣ በሻይ ተክል ኮረብታዎች መሃል ያለው የሴንት ክሌር ፏፏቴ ሊጠፋ ነው ተብሎ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ በመጨረሻ ቀን ቀን ውሃ እንዲለቀቅለት ተደረገ። ለጢስ ዓባይም የሚለቀቅበት ቀንና ሰዓት ተወስኖ፣ አስቀድሞም ለሕዝብ ተነግሮ ቢሠራ ምን ይከፋል? ሌላው ቢቀር ከሩቅ የሚመጣ አባወራ ልጆቹን ይዞ በከንቱ አይመለስም።

ለመሄድ ያሰባችሁ ቤተሰቦች፣ ወቅቱ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው፤ ጠዋት ማልዳችሁ ድረሱ፣ ከመነሣታችሁ በፊትም የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ያን ያህል መጓዝ የማይችል በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የአዋሽ ፏፏቴን ያገኛል። ከአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ዋና መንገድ ገባ ብሎ፣ ሳላ ከሚግጥበት ሜዳ ባሻገር፣ ቡናማው ውሃ ወደ ገደሉ ሲገባ ይታያል። ይህም ወንዝ ከላይ በኩል፣ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የቆቃ ግድብ አለበት፤ ሆኖም ውሃው ወደ ወንዙ ስለሚመለስ ፏፏቴው አልጠፋም። ከዚያ ወርዶ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል፤ ባሕር አይደርስም። ልጆቻችሁን ወደ ጫፉ አታስጠጉ፤ ከታች አዞ አለ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም።